በሲትኮም ክፉ ሰው የምንስቀው ሒሳቡን ማን ሲከፍል ነው?

«ዘ ኦፊስ» የተባለውን የአሜሪካ ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) ጨርሰው አይተው እንደገና ከአንድ የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ግን አንዷን ክፍል ዘለው የሚያልፉ ሞልተዋል። «ስኮትስ ቶትስ» ትባላለች፤ የተላለፈችው በ2009 መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የወረቀት ሻጭ ድርጅት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የሆነው ማይክል ስኮት ከዐሥር ዓመት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ልጆች ቃል ገብቶ ነበር፦ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሱ እንጂ የኮሌጅ ክፍያችሁን እኔ እችለዋለሁ ብሏቸው። አንድ ቀን ሀብታም መሆኔ አይቀርም ብሎ ነው። አልሆነም። ልጆቹ ደግሞ ቃሉን አምነው ተምረዋል፤ አሁን ሊመረቁ ነው። ስሙን እየጠሩ በዘፈንና በጭፈራ ይቀበሉታል። እሱ ምስጋናውን ሁሉ ተቀብሎ ሲያበቃ ነው እውነቱን የሚያወጣው። ለማጽናኛ ይዞላቸው የመጣው የላፕቶፕ ባትሪ ነው። ላፕቶፑ የለም፤ ባትሪው ብቻ።

ማይክል ስኮት ከዚህ የባሰ አድርጎ አያውቅም? አድርጓል እንጂ። የራሱን ሠራተኛ ሜሬዲትን በመኪናው ገጭቷል፤ ተመልካቹ ከት ብሎ ሳቀ። የሌላ ሠራተኛውን የኦስካርን ምስጢር በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ፊት ዘርግፏል፤ ያም ክፍል ከተወደዱት አንዱ ነው። ሰውን በመኪና መግጨት እያሳቀን፣ ባትሪ ማደል ፊታችንን በእጃችን ካስሸፈነን፣ መለኪያችን የክፋቱ መጠን አይደለም ማለት ነው።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ ተመልካች በሲትኮም ውስጥ ክፉ፣ ስስታም፣ ጉረኛ ወይም ራስ ወዳድ ሰው ሲያይ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ምን ያህል መጥፎ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ሒሳቡን ማን ይከፍላል?» ብሎ ነው። ራሱ ከከፈለ እንስቃለን። ሜሬዲት ዳሌዋ ተሰብሮም ብዙ ሳትቆይ ቢሮዋ ትመለሳለች፤ ማይክል ግን በሠራተኞቹ ዘንድ መሳለቂያ ሆኖ ይቀራል። የእነዚያ ተማሪዎች ሒሳብ ግን በሃያ ደቂቃ አይዘጋም። ክፍሉ ሲያልቅም የሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ክፍያ እንደተንጠለጠለ ነው። ደራሲዎቹም ይህ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ማይክል ሲመለስ የእንግዳ ተቀባይዋ ኤሪን አፍ ላይ አንድ ማጽናኛ አኑረዋል፦ ያ ቃል ባይገባ ኖሮ ልጆቹ እስከዚህ ባልደረሱ ነበር የሚል። ብዙ ሰው ግን እዚያ ድረስ ሳይደርስ ቴሌቪዥኑን ዘግቷል።

የዚህ ዓይነቱ ሳቅ አሠራር በጣም ጥርት ብሎ የሚታየው በእንግሊዙ «ፎልቲ ታወርስ» ነው። ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ የጻፉት፣ በ1975 ስድስት፣ በ1979 ስድስት፣ በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ያለው ሥራ ነው። ባዝል ፎልቲ ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ሆቴል አለው፤ እንግዳ ግን አይወድም። ተራውን ሰው ያመናጭቃል፣ ማዕረግ ላለው መሬት ይልሳል። በመጀመሪያው ክፍል አንድ «ሎርድ» ነኝ ባይ ሲመጣ ሌላውን እንግዳ ከተቀመጠበት አስነሥቶ ለእሱ ያጎነብሳል። ሰውዬው አጭበርባሪ ነው። በክብር ያስቀመጠለት፣ የከበረ ዕቃ ነው የተባለው ሻንጣ ሲከፈት የተገኘው ጡብ ነው። በሌላ ክፍል መኪናው አልነሣ ሲለው አስጠንቅቆት፣ እስከ ሦስት ቆጥሮለት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ መጥቶ ይገርፈዋል። ሰውዬው በየክፍሉ ሲዋረድ ነው የሚያመሸው፤ ያውም በገዛ እጁ።

የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አለቃ ምላሳቸው ማንንም አይምርም። ሰው ደጋግሞ ከሚያወራላቸው ጨዋታዎች አንዱ ግን የተሸነፉበት ነው፦ አህያ የሚነዱ ሴቶችን «እንዴት አደራችሁ የአህያ እናቶች?» ቢሏቸው «እንዴት አደርክ ልጃችን!» ያሏቸው። ያቺ መልስ ባትኖር ጨዋታው ስድብ ብቻ በሆነ ነበር፤ ትውልድ ተሻግሮም ባልደረሰን።

ዶልፍ ዚልማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ ከጆአን ካንተር ጋር ሆኖ ያጠናው ይህንኑ ነው። የጠላነው ሰው ሲዋረድ ሳቃችን ይጨምራል፤ የወደድነው ሲዋረድ ግን ይቀንሳል። በ2010 ፒተር ማግሮውና ኬሌብ ዋረን ሌላ ቁራጭ ጨመሩበት፦ አንድ ነገር የሚያስቀው ደንብ ሲጥስም፣ ጥሰቱ ጉዳት እንደማያስከትል ሲሰማንም ነው፤ ሁለቱ ስሜቶች አብረው መምጣት አለባቸው። ሁለተኛው ሲጎድል ሳቁ ይቀራል፣ ጥሰቱ ብቻ ይተርፋል። ማኑኤል የተባለው ስፔናዊ አስተናጋጅ በባዝል በተመታ ቁጥር የዛሬ ተመልካች ትንሽ የሚሸማቀቀው ለዚህ ይመስለኛል። ማኑኤል ምንም አላጠፋም፤ ቋንቋ አለመቻሉ ብቻ ነው።

ወደ ማይክል ስኮት እንመለስ፤ ምክንያቱም ሰውዬው የተጠገነ ገጸ ባሕርይ ነው፣ ጥገናውም በዓይን ይታያል። የእንግሊዙ «ዘ ኦፊስ» በ2001 ሲጀምር ዴቪድ ብሬንት የሚባለውን አለቃ ሪኪ ጀርቬይስ ያለ ምሕረት ነበር የተወነው፦ ራሱን ቀልደኛ አድርጎ የሚያይ፣ ማንም የማይስቅለት ሰው። ያ ሥራ 12 ክፍልና አንድ ሁለት ክፍል ያለው የገና ዝግጅት ብቻ ነበረው። አሜሪካኖቹ በ2005 የመጀመሪያውን ክፍል ከሞላ ጎደል ከእንግሊዙ ገልብጠው አቀረቡት። ማይክል እንግዳ ተቀባይዋን ፓምን «ሰርቀሻልና ተባረሻል» ብሎ ይቀልድባታል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች። ስድስት ክፍል ከተላለፈ በኋላ ፕሮግራሙ ለመሰረዝ ጫፍ ደርሶ ነበር።

በሁለተኛው ምዕራፍ የአሜሪካውን ሥራ የሚመራው ግሬግ ዳንኤልስና ደራሲዎቹ ሰውዬውን ጻድቅ አላደረጉትም። ያደረጉት ሌላ ነው። ወደ ኋላ ተለጥፎ የነበረው ፀጉሩ ተለወጠ፤ ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ነገር አንድ ነገር እንዲችል ማድረጋቸው ነው። «ዘ ክላየንት» በተባለው ክፍል አለቃው ጃን አንድ ትልቅ ደንበኛ ለማግባባት አብራው ትሄዳለች። ማይክል ቀጠሮውን ቺሊስ ወደሚባል ተራ ምግብ ቤት ያዞረዋል፣ ይጠጣል፣ ይቀልዳል፣ የምግብ ቤቱን የማስታወቂያ ዜማ ይዘፍናል። ጃንም ተመልካቹም ነገሩ አለቀለት ሲሉ ደንበኛው ይፈርማል። ሞኙ ሰውዬ ለካ ሥራውን የሚችል ሻጭ ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው እንዴት አለቃ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው ጥገና በሦስተኛው ምዕራፍ መጣ። ፓም ሥዕሎቿን ለትርኢት አቅርባለች። ከቢሮ ባልደረቦቿ ኦስካር ከወዳጁ ጋር መጥቶ ሥዕሉን አቃልሎ ሄዷል፣ ሌላው የቢሮ ሰው ዝር አላለም። ልትዘጋ ስትል ማይክል ይደርሳል። የመሥሪያ ቤታቸውን ሕንፃ የሣለችበትን ሲያይ ደንግጦ ይቆማል፣ ይገዛዋል፣ ኮርቼብሻለሁ ይላታል። ከሁለት ዓመት በፊት ያስለቀሳት ያው ሰው ነው። የተለወጠው ባሕርይው አይደለም፤ እኛ ስለ እሱ የምናውቀው ነገር ሰፋ። ሰውዬው የፈለገው መወደድን ብቻ ነበር። ፍላጎቱ ገብቶን ስናበቃ ክፋቱ ከክፋት ይልቅ እንደ ልጅ ጥፋት መታየት ጀመረ።

ለምን እንግሊዞቹ ይህን ጥገና አላስፈለጋቸውም? አንዱ ምክንያት ቁጥር ነው። ብሬንትን የምናገኘው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ያን ያህል ጊዜ ማንንም መታገሥ ይቻላል። የአሜሪካው ግን በመጨረሻ 201 ክፍል ደርሷል። በየሳምንቱ ቤትህ የሚመጣ እንግዳና በዓመት አንድ ቀን የሚመጣ ዘመድ እኩል አይታገሡም።

ይሁንና በሰው ልጅ ክፋት ላይ ብቻ ተንጠልጥለው ለዓመታት የቆዩም አሉ፤ ስለዚህ ልብ የሚያራራ ትዕይንት የግድ አይደለም። ግድ የሚሆነው ድርሰቱ ራሱ ሰውዬው ማን እንደሆነ ማወቁ ነው። በዚህ ላይ በ2009 በአንድ ወር ውስጥ የተላለፉ ሁለት ክፍሎችን ማነጻጸር ይጠቅማል። በ«ሃው አይ ሜት ዩር ማዘር» ባርኒ ስቲንሰን ሴት ማታለያ ዘዴዎቹን የጻፈበትን መጽሐፍ ያወጣል። አንዱ ዘዴ፣ ሎሬንዞ የሚባል የማይኖር ከበርቴ ፈጥሮ ስለ እሱ የሐሰት ድረ ገጾች መሥራት ነው፤ ሴትየዋ በስልኳ ፈልጋ ስታነብ ታምናለች። በሌላኛው «ኢትስ ኦልዌይስ ሳኒ ኢን ፊላደልፊያ» ደግሞ ዴኒስ ሬይኖልድስ ለጓደኞቹ የራሱን ሥርዓት በሰሌዳ ያስተምራል፤ የስሙ እያንዳንዱ ፊደል አንድ እርምጃ ነው፣ ሴትየዋን በራሱ ላይ ጥገኛ ካደረገ በኋላ ችላ ማለትና መጣል አለበት።

በይዘት ሁለቱ አንድ ናቸው። የባርኒ ክፍል ግን በባርኒ ድል ያልቃል፤ ጓደኞቹ ሳያውቁት የማታለያው ረዳት ሆነው ተገኝተዋል፣ የተቀዳው ሳቅም ከጎኑ ነው። የተታለሉት ሴቶች ስም እንኳ አይያዝም። ዴኒስ ሰሌዳው ፊት ሲቆም ግን ሳቅ የሚያስገባ ድምፅ የለም። አንዲትን ሴት ለማስፈራራት ጎረቤቷ መስሎ እየደወለ መሆኑን ሲናገር ኩራቱ ራሱ ነው የሚያስደነግጠው። ይህ ሰው በሽተኛ ነው የሚለውን ድርሰቱ ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። ዛሬ እንደገና ሲታዩ ያረጀው የዋሁ መሳዩ የባርኒ ነው። ከዴኒስ የባርኒ ክፋት ቀላል ነበር እኮ! ያረጀው ግን አጨብጫቢ ስላለው ነው።

አጨብጫቢው ከስክሪኑ ወዲህ፣ ሶፋው ላይ ሲሆንስ? ይህ ደግሞ ከደራሲ እጅ የሚያመልጥ ጉዳይ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ኖርማን ሊር «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ»ን በጥር 1971 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሲጀምር አርቺ በንከርን ያቀረበው ሊያሾፍበት ነው፦ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጥቁሩንም አይሁዱንም ስደተኛውንም የሚሳደብ ሠራተኛ። ጣቢያው ፈርቶ ከመጀመሪያው ክፍል በፊት ዓላማው በድክመቶቻችንና በጭፍን ጥላቻችን ላይ ማሾፍ መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ አስነበበ። ፕሮግራሙ ለአምስት ተከታታይ ዓመታት በአሜሪካ ከሁሉም በላይ የታየ ሆነ።

በ1974 ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች በአሜሪካና በካናዳ ተመልካቾችን ጠይቀው ውጤቱን አሳተሙ። ጭፍን ጥላቻ የሚበዛባቸው ሰዎችም ፕሮግራሙን ይወዱታል፤ የሚወዱት ግን አርቺ ትክክለኛውን ስለሚናገር፣ ከአማቹ ከማይክ ጋር ሲከራከርም የሚያሸንፈው እሱ ስለሚመስላቸው ነው። አንዱ አርቺ ሲዋረድ አየ፤ ሌላው ያንኑ ትዕይንት አይቶ አርቺ ሲረታ አየ። ሥራው የተቀዳበት የእንግሊዙ አልፍ ጋርኔትም ከዚህ አላመለጠም፤ ደራሲው ጆኒ ስፔት ሊያጋልጠው ጻፈው፣ ብዙዎች የልባችንን ተናገረልን አሉ።

ዛሬ ይህ ችግር የባሰ ነው፤ ብዙ ሰው ሲትኮም የሚያየው በአንድ ደቂቃ ቁራጭ ነውና። ስድቡ ተቆርጦ ይመጣል፣ ከስድቡ በኋላ የመጣው ውርደት ግን አይመጣም። ሻንጣው ሳይከፈት፣ ጡቡ ሳይታይ። የሚቀረው ምላሱ የሰላ ሰው ብቻ ሆኖ፣ ከእሱ ጋር ወግኖ መሳቅ ይቀላል።

ሴት ስትሆን ደግሞ ሚዛኑ ይዛባል። ለዚህ ግልጹ ማስረጃ ሲትኮም ሳይሆን ድራማ ነው። በ«ብሬኪንግ ባድ» ዋልተር ዋይት አደገኛ ዕፅ አምርቶ ሰው ይገድላል፤ ሚስቱ ስካይለር ትቃወመዋለች። የተጠላችው እሷ ናት። ተዋናይዋ አና ገን በ2013 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጥላቻው ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ በራሷ ላይ እንደደረሰ ጽፋለች። ወደ ቤቱ የገባነው በዋልተር በር ነበር፤ በሩን የሚዘጋብን ሁሉ ጠላት መሰለን። «ሰው ለሰው»ን ይከታተል የነበረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አበበ ባልቻ የተወነውን አስናቀን እየረገመ፣ ቀጥሎ ምን ሊያደርግ ነው ብሎ የሚጠብቀውም አስናቀን ነበር። መርገምና መጠበቅ አብረው ይሄዳሉ።

ጥሩ የሚሠራባት ክፉ ሴት ሲትኮም ውስጥ አለች፦ የ«ቪፕ»ዋ ፖለቲከኛ ሴሊና ሜየር። ጁሊያ ሉዊ-ድራይፈስ በዚህ ሚና ስድስት ዓመት በተከታታይ የኤሚ ሽልማት አሸንፋለች። ሴሊና የምትፈልገው ሥልጣን ብቻ ነው፤ ስታገኘው ደግሞ ወዲያው ያመልጣታል። በዙሪያዋ ያለው ፖለቲከኛ ሁሉ ከእሷ አይሻልም፤ ስለዚህ ለማንም አናዝንም። ከአንዱ በቀር። ቦርሳዋን ተሸክሞ የሚከተላት ጌሪ ይወዳታል። በ2019 በመጨረሻው ክፍል ሴሊና የራሷን ወንጀል በእሱ ላይ ጥላ ኤፍቢአይ ሲወስደው መድረክ ላይ ሆና ታያለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀልድ እንደ በፊቱ አያስቅም፤ እንዲያስቅም የተፈለገ አይመስለኝም።

ክፉዎቹን ራሱ ድርሰቱ ሲፈርድባቸውስ? «ሳይንፌልድ» ለዘጠኝ ምዕራፍ በአንድ ደንብ ተመራ፤ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ላሪ ዴቪድ «ማቀፍ የለም፣ መማር የለም» ይለው ነበር። በ1996 ከአራቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆነው የጆርጅ እጮኛ ሱዛን፣ እሱ ለቁጠባ ብሎ ያስመረጠውን የጥሪ ካርድ ፖስታ እየላሰች ስታሽግ በሙጫው ተመርዛ ሞተች። አራቱ ጓደኛሞች ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጥቂት ቆመው ቡና ልንጠጣ ብለው ሄዱ። ተመልካቹ ደነገጠ፣ ግን አልሸሸም። በግንቦት 1998 ወደ 76 ሚሊዮን ሰው የመጨረሻውን ክፍል ሊያይ ተቀመጠ። አራቱ አንድ ሰው ሲዘረፍ ቆመው እየቀረጹ ሲስቁ ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ባለፉት ዓመታት የበደሏቸው ሰዎች ሁሉ ተራ በተራ መሰከሩባቸው፣ አንድ አንድ ዓመት ተፈረደባቸው። ብዙው ተመልካች ተናደደ።

የተናደደው ቅጣቱ በዝቶ አይመስለኝም። ጆርጅ በየሳምንቱ ሲቀጣ ነበር፤ ሥራውን፣ ፍቅረኛውን፣ ክብሩን ሲያጣ። ሒሳቡ በየክፍሉ ተዘግቷል። ፍርድ ቤቱ የተዘጋውን መዝገብ እንደገና ከፈተና ያ ሁሉ ያሳቀንን ነገር ወንጀል አለው። ተከሳሽ ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ ለዘጠኝ ዓመት አብሮ የሳቀው ጭምር ነበር።

ላሪ ዴቪድ ይህን ነገር 26 ዓመት ሙሉ አልተወውም። ራሱን ሆኖ በሚተውንበት «ከርብ ዩር ኢንቱዝያዝም» የመጨረሻ ክፍል በሚያዝያ 2024 ያንኑ ችሎት መልሶ አቆመ። ላሪ የተከሰሰው አትላንታ ውስጥ ለመምረጥ ለተሰለፈች ሴት ውኃ በመስጠቱ ነው፤ የጆርጂያ ሕግ ይከለክላልና። በዕድሜው ከሠራቸው መልካም ነገሮች ከጥቂቶቹ አንዱ መሆኑ ነው። እንደገና የተበደሉት ይመሰክራሉ፣ እንደገና አንድ ዓመት ይፈረድበታል። ከዚያ የ«ሳይንፌልድ» ዋና ተዋናይ ጄሪ ሳይንፌልድ፣ ፍርዱን ከሚሰጡት ተራ ዜጎች (ጁሪ) አንዱ ከሰው ተለይቶ እንዲቆይ የተሰጠውን ትእዛዝ ጥሶ ከተማ ሲዞር ማየቱን ይናገራል፤ ፍርዱ ይሻራል፣ ላሪ ይፈታል። ያኔም እንዲህ መጨረስ ነበረብን ይባባላሉ። አልተጸጸተም፣ ምንም አልተማረም። ወደ ቤት በሚመለሱበት አውሮፕላን ውስጥ አብራቸው ያለችው ሱዚ የመስኮቱን መጋረጃ ስትከፍት ላሪና ጓደኞቹ ዝጊው፣ አልዘጋም እያሉ ሲጯጯሁ ፕሮግራሙ ያልቃል።